የጠፈር መቀናጆ

የመምህር አንማውን ዕረፍት የሰማሁት ደጀን ላይ ነው። መንገዱ ተዘግቶ የጭነት መኪኖች ዓባይ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ እኔም ለዜና ሾፌሮቹን እያነጋገርኩ ነበር። ስልኬ ሲጠራ የእህታቸውን የእትዬ ጥሩዬን ስም አየሁ። እትዬ ጥሩዬ የሚኖሩት ቁይ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለሰነበተ ስማቸውን ሳይ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ።

«ወንድሜ አረፈ» አሉኝ። «ከትናንት ወዲያ። ቀብረነዋል።»

የት፣ በምን ብዬ ጠየቅሁ። የሥራ ልማድ ነው። ደብረ ማርቆስ ቤታቸው፣ ምሳ በልተው፣ ፀሐይ ሊሞቁ ወንበር አውጥተው ደጅ እንደተቀመጡ ነው አሉኝ። ጎረቤታቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ልጆቿ እንዳይረብሿቸው ወዲያ አባርራቸው ነበር።

«አጠገቡ ሰው አልነበረም» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ስማኝ። እነዚያ ሁለቱ ሰዎች መርዶ አልተነገራቸውም። አድራሻቸውን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ሁለቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ገባኝ። አንዱ ዩክሬን ነው ያለው፣ ሌላው ሩሲያ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ታራስና ገናዲ እላቸዋለሁ። እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም፤ ምክንያቱን አንባቢ ራሱ ያገኘዋል።

መምህር አንማው ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ትንሽ ወደፊት ያዘነበሉ ነበሩ። በግራ እጃቸው እየጻፉ በቀኝ እጅጌያቸው ስለሚያጠፉ የኮታቸው አንድ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ተማሪ መልስ ሲሰጥ ትክክል ነህ ወይም ተሳስተሃል አይሉም። «ለክተህ ነው ሰምተህ?» ይላሉ። ሰምቼ ነው ካለ ከማን፣ ለክቼ ነው ካለ በምን እንደለካ ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ ብዙ አለቆች ስለ ዜና አጻጻፍ ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ከዚህች ጥያቄ የሚበልጥ ግን አልሰማሁም።

በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ሳይጨርሱ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወሰዳቸው፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። የተማሩባትን ከተማ ሲጠሯት «በእኛ ጊዜ ካርኮቭ ነበር የምንላት፤ ታራስ ካርኪቭ በል ብሎኛል፤ የከተማዋ ልጅ እሱ ነው» ይሉ ነበር። ታራስና ገናዲ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻቸው ናቸው። ሦስቱ በአንድ ክፍል ዓመታት ከርመው፣ አንድ ድስት አብስለው በልተው፣ ተመርቀው ተለያዩ። መጀመሪያ በደብዳቤ፣ በኋላ በኢሜይል፣ በመጨረሻም በስልክ መልዕክት ሳይጠፋፉ ኖሩ። መምህር አላገቡም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ሩሲያኛ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አንዳንዴ ጓሯቸው ውስጥ ብቻቸውን በሩሲያኛ ሲያወሩ ጎረቤታቸው ሰምታ ዳዊት የሚደግሙ መስሏታል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ለፕሮግራሜ ላነጋግራቸው ሄድኩ። ርዕሱ ጠፈር ነበር። ማንም የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ ከላይ ሲታይ ምድር ድንበር የላትም ይባላልና ምን ይላሉ አልኳቸው።

«ለክተህ ነው ሰምተህ?»

«ሰምቼ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው የነገረህ ሰው ውስጡን አያውቀውም። የጠፈር ጣቢያው ውስጥ ድንበር አለ። ከዚህ በር ወዲህ የሩሲያ፣ ከዚያ በር ወዲያ የአሜሪካና የሌሎቹ ነው። ዋናው መብራት ከአንደኛው ወገን ይመጣል። ጣቢያው ቀስ እያለ ቁልቁል ሲንሸራተት ወደ ላይ የሚገፋው ሞተር ደግሞ በሌላኛው ወገን ነው። አየህ? አንዱ መብራት አለው፤ ሌላው ጉልበት።»

ሁለት ጡጫቸውን ጎን ለጎን አስጠግተው አሳዩኝ። እንዲህ ሲያደርጉ በሬ እያሳዩ ነው።

«መቀናጆ ነው» አሉ።

የገጠር ልጅ ላልሆነ አንባቢ ልንገር። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር ይስማማና ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠምዳሉ። ዛሬ የአንዱ መሬት ይታረሳል፣ ነገ የሌላው። ይህ ነው መቀናጆ።

«አባቴና መቀናጆው አይዋደዱም ነበር» አሉ መምህር። «በበዓል እንኳ አይጠራሩም። ሰኔ ሲመጣ ግን በሬዎቻቸው አንድ ቀንበር ውስጥ ናቸው። ለመቀናጆ መዋደድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የየራስህን በሬ ማብላት ነው።»

«ከተጣሉስ?» አልኳቸው።

«ሲጣሉማ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌው ታዲያ ማን በደለ ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ መሬቱ ይታረስ፤ ጥላችሁን እህሉ ከገባ በኋላ እናየዋለን ነው የሚለው። ዝናብ ሽማግሌ አይጠብቅማ!»

ሳቁ። ያን ቀን የሳቁበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ሦስቱ የድሮ ጓደኛሞች በስተርጅና አንድ ነገር ጀምረው ነበር። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳተላይት። «ትንሿ» ይሏታል። የሬዲዮ ክፍሏን ታራስ ካርኪቭ ሆኖ ሠራ። አካሏንና የኃይል ክፍሏን ገናዲ ሠርቶ፣ በሚያገለግልበት ተቋም በኩል ከትልቅ ሳተላይት ጎን ተጭና በሩሲያ ሮኬት እንድትወጣ አስፈቀደ። መምህር ደግሞ ትምህርት ቤት ሄደው የሳይንስ ክበብ ልጆችን ሰበሰቡ። ትንሿ በየአገሩ ላይ ስታልፍ የሦስት አገር ልጆችን ድምፅ በሬዲዮ ታሰማለች፤ ከሦስቱ አንዱ ከደብረ ማርቆስ ነው።

ጣራቸው ላይ መቀበያ ተከሉ። ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ዘንጎቹ በርና መስኮት ከሚሠራበት ቤት የተለመኑ የአልሙኒየም ቁርጥራጮች ናቸው። እርግቦች ወደዱት። መምህር በየጠዋቱ እጃቸውን እያጨበጨቡ «ኑሩበት እንጂ አትወዛወዙበት!» ይሏቸው ነበር።

የልጆቹን መልዕክት መምህር ራሳቸው አሰቡት፤ አንዲት ተማሪም ቀዳችው። እንዲህ ይላል፤ «ይህ ድምፅ ከደብረ ማርቆስ ነው። የሚሰማን ካለ፣ እኛም እየሰማን ነው።»

ታራስ ሲደርሰው ትርጉሙን ጠየቀ። መምህር «ድምፃችን የሚደርሰው ሰው ካለ» ማለት ነው ብለው ጻፉለት።

«ሌላም ትርጉም አለው እኮ ጋሼ» አልኳቸው። «የሚሰማን ስሜት ካለ ማለትም ይሆናል።»

«ሰሙን ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ወርቁን ራሱ ይቆፍር። የካርኪቭ ሰው ነው ብለህ አትናቀው፤ ይደርስበታል።»

ገናዲም አሹፎባቸዋል። «አንማው፣ በእኛ ጊዜ ቢሆን ይህች ዓረፍተ ነገርህ ኮሚቴ ፊት ታቀርብህ ነበር» ብሎ ጻፈ። መምህር ስልካቸውን አስጠግተው አሳዩኝ። ከታች የታራስ መልስ አለበት፤ «ኮሚቴው አንተ ነበርክ።» ለሦስት የሚጻጻፉበት ገጽ ነበራቸው፤ መምህር ማታ ከራት በፊት እሱን ሳያዩ አይቀመጡም።

ከዚያ የዩክሬን ጦርነት መጣ።

የትንሿ ጉዞ ተሰረዘ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሌሎች ሳተላይቶችም ወይ ተመለሱ ወይ ባሉበት ቀሩ። ትንሿ የቀረችው ገናዲ በሚሠራበት ተቋም መጋዘን ውስጥ ነው። ለሦስት የነበረው ገጽ ላይ ሁሉም መጻፍ አቆሙ። ታራስ ለመምህር ለብቻቸው በእንግሊዝኛ ጻፈላቸው፤ ከእንግዲህ በሩሲያኛ አልጽፍም፣ አንተ ግን ባወቅከው ጻፍ አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር። ብቻ አንድ ቃል ጨመሩ። «ወጣትነታችን በዚያ ቋንቋ ነበር የተቀመጠው።»

በዚያ ሰሞን በዜናው የጠፈር ጣቢያው ሳይቀር ሊፈርስ ነው ይባል ነበር። ከሩሲያ ወገን ተገንጥለን እንወጣለን የሚል ወሬ ይመጣል፤ ከወዲያም ያለ እናንተ እንኖራለን የሚል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ይህን እየተረጎምኩ አነብ ነበር። ለመምህር ደውዬ ምን ይመስልዎታል ስላቸው፣ «እርሻ መሃል በሬውን ፈትቶ ሊሄድ የሚፎክር ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «እኔ አይቻለሁ። ይፎክራል። ቀንበሩን ግን አያወልቅም። እላይ ያሉት ሰዎች ዛሬም አብረው እየሠሩ ነው። አንተ የታቹን ስማ፤ እኔ የላዩን እለካለሁ።»

ይህ ነው ያታለላቸው ብዬ አስባለሁ። ትልቁ መቀናጆ ካልፈረሰ ትንሹም አይፈርስም ብለው አመኑ። ሁለቱን ሊሸመግሉ ተነሡ።

ያን ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱን አስፈቅደው በስልክ ለሦስት ሊነጋገሩ ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ድምፅ ብቻ ነው፤ ምስል የለም። መምህር ግን ነጩን ጋቢ አውጥተው፣ እንደ ሽማግሌ አጣፍተው ለበሱና ቆሙ።

«አያዩዎትም እኮ ጋሼ።»

«እኔ አየዋለሁ» አሉ።

የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው በሩሲያኛ ጀመሩ። ያሉትንና የሚመለስላቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ለእኔ ይተረጉሙልኝ ነበር። መጀመሪያ መረቁ። ከዚያ ስለ መቀናጆ ነገሯቸው። ማን በደለ ብዬ አልጠይቅም፣ መጀመሪያ ትንሿ ትውጣ፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ሮኬት ይፈለግላት፤ ገናዲ አካሏን ይስጥ፣ ታራስ ሬዲዮዋን ይስጥ፣ ጥሉ ከዚያ በኋላ ይታያል አሏቸው።

ከዚያ ታራስ ተናገረ፤ በእንግሊዝኛ ስለነበር ራሴ ሰማሁት።

«አንማው፣ ወንድሜ፤ የልጄ ቤት መስኮት የለውም። ፎቁ ግማሹ የለም። አንተ ስለ እርሻ ታወራኛለህ?»



«እኔ አልተኮስኩም» አለ ገናዲ፣ እሱም በእንግሊዝኛ።

«አልተኮስክም። ዝም ብለሃል።»

«በስልክ ላይ ነው ያለነው» አለ ገናዲ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ታራስ፣ በስልክ ላይ ነው ያለነው።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

መምህር ስልኩን አንሥተው አዩት። «ኔትወርኩ ነው» አሉ።

«ኔትወርኩ ነው?»

«እንጃ» አሉ። «አልለካሁም።» ጋቢውን አውልቀው አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

ስለዚያ ቀን ያወሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እግራቸውን ለማፍታታት ከከተማ ወጣ ብለን እየሄድን ነበር። በድንገት ቆም አሉና፣ «የበሬ ሽምግልና ይዤ ደም ላይ ሄድኩ» አሉ።

ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠየቅኋቸው።

«በሬ ያጣላቸውን ሰዎች አንድ ላይ ታስቀምጣለህ። ደም ያጣላቸውን ግን አታስቀምጥም። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን መንገድ ይርቃል፤ ገበያ ይለያል፣ ውኃ ይለያል። ሽማግሌው ብቻውን ነው በመሃላቸው የሚመላለሰው። እኔ የአባቴን ሽምግልና ነበር የማውቀው። ካርኪቭ ላይ ቤት እየፈረሰ የዝናቡን ነገር አነሣሁ።»

«እርስዎ እኮ ልብዎ ደህና ነበር።»

«ልቤን ማን ጠየቀኝ? ሥርዓቱን ነው የሳትኩት።»

ከዚያ በኋላ ለየብቻ ይጽፉላቸው ጀመር። ለታራስ ይቅርታ ጠየቁ፤ ታራስም ተቀበላቸው። ለገናዲ የጻፉት ከባድ ነበር። መጀመሪያ መናገር ያለብህ አንተ ነህ አሉት። አልተኮስክም፣ አውቃለሁ፤ ግን ከተኮሱት ወገን ነህና አንድ ቃል ካንተ ይጠበቃል አሉት። በስልክ ካልተቻለ በሰው ላክ፣ እኔ አደርሰዋለሁ አሉት። ገናዲ መለሰ። መልሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አንተ አገር ጦርነት የለም?»

መምህር መልሱን ሲያስቡበት አደሩ። የእኛው አካባቢ ነገር የከፋው ያኔ ነው። በማግሥቱ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

ለወራት እንደተቋረጠ ቆየ። እዚህ ላይ የምጽፈው ያየሁትን ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሰው ወደ ሰማይ ቀና የሚለው እንደ ድሮው ዝናብ ሊያይ አልነበረም፤ ድምፅ ሰምቶ ነው። መምህር የገናዲን ጥያቄ ስልካቸው ላይ ይዘው ይዞራሉ። መልሱን ጽፈው አስቀምጠዋል፤ መላክ ግን አልቻሉም። ምን ብለው እንደጻፉ አልነገሩኝም። «ዝም ያልኩት ይመስለዋል» ብቻ ነው ያሉኝ። «ዝም አልክ ብዬ የወቀስኩት ሰው፣ ዝም አለኝ ይላል።»

ከታራስም ምንም የለም። ቤቱ ይኑር አይኑር አያውቁም። ማታ ሬዲዮኑን ከፍተው ትንሿ ልትናገርበት በነበረው መስመር ላይ ያደርጉታል። መጋዘን ውስጥ እንዳለች ያውቃሉ። ምን ሊሰሙ እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ምንም» አሉኝ። «ምንም አለመኖሩን አረጋግጣለሁ።»

በዚያ ሰሞን ለሥራ ደብረ ማርቆስ መጥቼ ነበር። መምህር የጠፈር ጣቢያው ከተማችን ላይ የሚያልፍበትን ሰዓት ይወዱ ስለነበር ከአዲስ አበባ አጣርቼ መጣሁላቸው። ያን ቀን ምሽት አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ነበር። ፀጉር ቤት ገብተው ለሁሉም ነገሩ፤ «ዛሬ ጣቢያው ያልፋል፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ውጡና እዩ።»

አመሻሽ ላይ ሁለት ሰዎች በሩን አንኳኩ። አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ወጣት። ከየት እንደመጡ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ትሑቶች ነበሩ።

«አባት» አለ ጎልማሳው፣ «ጣቢያው ዛሬ ያልፋል ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«የቱ ጣቢያ ነው?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። በዚያ ወቅት ከተማው ውስጥ ጣቢያ ሲባል ሰው የሚያስበው ፖሊስ ጣቢያን ብቻ ነው። ያልፋል ማለት ደግሞ ያልቅለታል ማለትም ይሆናል። ከቅኔ ቤት የወጡት ሰው ሳያውቁት ቅኔ ተናግረዋል።

«የጠፈር ነዋ!» አሉ መምህር።

«ያልፋል ሲሉስ?»

«ከዚያ መጥቶ በዚህ ይሄዳል።»

«ማን ነው የሚያሳልፈው?»

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሥ፤ ራሱ መጥቶ ይመስክርልኝ።»

ግቢው ውስጥ አራታችንም ቀና ብለን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ በምዕራብ በኩል አንድ ብርሃን ብቅ አለ። ወጣቱ እጁን ወደ ወገቡ አስጠጋ።

«ድሮን ነው?»

«ድሮን ድምፅ አለው። ይሄን ስማው» አሉ መምህር።

ድምፅ አልነበረውም። ሳይጣደፍ መጣ።

«ሰው አለበት?» አለ ወጣቱ።

«አለበት።»

«የየት አገር ሰው?»

«የአሜሪካም፣ የሩሲያም፣ የሌላም።»

«እነሱ ተጣልተው የለም እንዴ?»

«ታች ነው የተጣሉት።»

ብርሃኑ ከራሳችን በላይ አልፎ ወደ ምሥራቅ ሲያዘቀዝቅ ደብዝዞ ጠፋ። «ሄደ!» አለ ወጣቱ። መምህር «ጥላ ውስጥ ገባ እንጂ አልሄደም» አሉት። ጎልማሳው ግን ወደ ጣራው ነበር የሚያየው።

«አባት፣ ይሄን ብረት ያውርዱት» አለ። «ለእርስዎም ለእኛም ይሻላል።»

በማግሥቱ ምሰሶውን አብረን አወረድነው። እርግቦቹ ቆርቆሮው ላይ እየተራመዱ የት እንደሚያርፉ ሲያጡ መምህር ቆመው አዩአቸው።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ለሁለቱም ጻፉ። ታራስ በሕይወት ነበር፤ «አንተም አለህ!» ብሎ መለሰ። ለገናዲ የተላከው መልስ ግን አልደረሰም፤ የስልክ ቁጥሩ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። በየቀኑ ይሞክሩ ነበር። ይህ እስኪያርፉ ድረስ ቀጠለ።

መንገዱ ተከፍቶ ደብረ ማርቆስ ስደርስ ድንኳኑ ሊነሣ ነበር። እትዬ ጥሩዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«መርዶውን መቼ ትነግራቸዋለህ?»

መርዶ በእኛ አገር እንዲሁ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ይዞ፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ጎረምሳ አስከትሎ ነው የሚኬደው። ይህን ሁሉ በስልክ ማድረግ እንደማይቻል ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ቢሆንም እኩል ንገራቸው። አንዱ ቀድሞ ሰማ፣ አንዱ ወደ ኋላ ተባለ እንዳይሆን።»

ለገናዲ የተቋሙን ኢሜይል ከድሮ ቃለ መጠይቅ ይዤ ነበር፤ መኖሩን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አዘጋጀሁ፦ መቼ፣ የት፣ በምን። ለገናዲ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ጥያቄህ በደረሳቸው ማግሥት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መልሱን ጽፈውልህ ነበር፤ ዝም አላሉም። ሁለቱንም እኩል ላክሁ።

ገናዲ በዚያው ቀን መለሰ። «ተቀይሞኝ መስሎኝ ነበር» ይላል። «ስለዚህ ቁጥሬን ስቀይር አልነገርኩትም። መልሱ ምን ይል ነበር?» አላውቅም ብዬ ጻፍኩለት። እውነቱ ይህ ነው።

ታራስ ቆይቶ ነው የጻፈው። ስለ መምህር ምንም አላለም። ስለ ሥራ ነበር የጻፈው። ሌላ አገር ያሉ መምህራን ለትንሽ ሳተላይት ቦታ አለን ብለውታል። ሁለተኛ የሬዲዮ ክፍል ሠርቶ አስቀምጧል፤ የልጆቹም ድምፅ ውስጡ አለ። አካሏን እንደ አዲስ ማሠራት ይችላል። የኃይል ክፍሏ የመጨረሻ ንድፍ ግን እጁ ላይ የለም፤ እሱ ከሌለ ሬዲዮው አይገጥምላትም። «የንድፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ታውቃለህ» ይላል። «እሱን አልጠይቅም። ጠይቅልኝም አልልህም። አንማው የሚያውቀው ሌላ ሰው ካለ ግን ንገረኝ።»

የዜና ሰው ወሬ ያመጣል እንጂ በተጣሉ ሰዎች መሃል አይመላለስም። ይህን ለሌሎች ስናገር ኖሬያለሁ። ለገናዲ ጻፍኩለት። የታራስን ስም አልጠራሁም፤ የደብረ ማርቆስ ልጆች ድምፅ እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰዎች ንድፉን ይፈልጋሉ አልኩ።

ንድፉ መጣ። ምንም የተጻፈ ነገር የለውም፤ ሰላምታ እንኳ። በቀኝ ጥጉ የነዳፊው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ነጭ ክፍተት አለ። ስሙን ፍቆታል።

ለታራስ አስተላለፍኩት። ትንሿ እስካሁን አልወጣችም፤ መቼ እንደምትወጣም የሚያውቅ የለም። የምችለውን ያህል አጣርቻለሁ። ታራስ ግን በማግሥቱ ጻፈልኝ።

«ከማን ነው ያገኘኸው?»

«ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገ ምንጭ ነው» ብዬ መለስኩ።

ያነበበው ወዲያው ነው። ስልኩን አስቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማምሻውን መልዕክት ገባ።

«ምንጭህ ጤናው እንዴት ነው?»

ደህና ነው ብዬ ልመልስ ነበር። ግን አልለካሁም፤ ከማንም አልሰማሁም። ነገ አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ከዚያ ለገናዲ ጻፍኩ።

«ጤናህ እንዴት ነው? የሚጠይቅህ ሰው አለ።»